ውርስ ሲጣራ ወራሾች መቼ ሊያውቁ ይገባል?

አንድ ሰው ከዚህ ዓለም በሞት ሲለይ ከሐዘኑ ቀጥሎ የሚነሳው ጥያቄ ንብረቱ ለማን ይተላለፋል የሚለው ነው። ከዚሁ ጋር የማይነጣጠል፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ተገቢው ትኩረት የማይሰጠው ሌላ ጥያቄም አለ። ይኸውም መብት ያላቸው ሰዎች ስለመብታቸው መቼ፣ በማንና በምን መንገድ ሊነገራቸው ይገባል የሚለው ነው።

ጥያቄው የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ በ1952 ዓ.ም የወጣውና በውርስ ጉዳይ ዛሬም በሥራ ላይ ያለው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለወራሹ የሚሰጣቸውን በርካታ የጊዜ ገደቦች መቁጠር የሚጀምረው ወራሹ ካወቀበት ወይም ከተነገረው ቀን ነው። በመሆኑም ማሳወቅ ራሱን የቻለ ሕጋዊ ውጤት ያለው ተግባር ነው። የተነገረበት ቀን በጽሑፍ ካልተመዘገበ ግን ወራሹም፣ የውርስ አጣሪውም፣ ጉዳዩን የሚመለከተው ዳኛም ይቸገራሉ።

መብቱ ከመነገሩ በፊት ይወለዳል

በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 826 መሠረት የአንድ ሰው ውርስ የሚከፈተው በሞተበት ጊዜና በሞተበት ወቅት ዋና መኖሪያው በነበረበት ስፍራ ነው። ይህ ማለት የወራሽነት መብት የሚመነጨው ከፍርድ ቤት ወረቀት ሳይሆን ከሞቱ ነው። ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ሲሰጥ ቀድሞ የነበረን መብት ያረጋግጣል እንጂ አዲስ መብት አይፈጥርም።

ሟቹ ኑዛዜ ያልተወ እንደሆነ በአንቀጽ 842 መሠረት በቅድሚያ ወራሽ የሚሆኑት ልጆቹ ሲሆኑ ድርሻቸውም እኩል ነው። ከልጆቹ መካከል ቀድሞ የሞተ ካለ ተወላጆቹ በእሱ ቦታ ተተክተው ይወርሳሉ። በጋብቻ ውስጥ የተወለደና ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅም በውርስ መብት አይለያዩም፤ የ1987 ዓ.ም የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ሕፃናት በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ሟቹ በሞተበት ጊዜ የተፀነሰ ልጅም በሕጉ የተመለከተውን ሁኔታ አሟልቶ ከተወለደ ይወርሳል።

ስለዚህ መብት ያለው ሰው አጠገብ ያለው ብቻ አይደለም። ሩቅ አገር ያለው፣ በሌላ ከተማ ያደገው፣ ገና ያልተወለደውም ጭምር ነው። ማሳወቅ ግዴታ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አንድ ምሳሌ

ጉዳዩን ግልጽ ለማድረግ በምሳሌ መመልከቱ ይጠቅማል። በአዲስ አበባ ይኖሩ የነበሩ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ኑዛዜ ሳይተዉ አረፉ እንበል። ባለቤታቸውና የበኩር ልጃቸው አብረዋቸው ይኖራሉ። ሴት ልጃቸው ለሥራ ወደ ቤይሩት ሄዳለች። ከጋብቻቸው በፊት የወለዱት ሌላ ወንድ ልጅ ደግሞ በደሴ ከእናቱ ዘመዶች ጋር አድጓል። ንብረታቸው በጋብቻ ውስጥ የተፈራ አንድ መኖሪያ ቤትና በባንክ የተቀመጠ ጥቂት ገንዘብ ነው።

የበኩር ልጁ ሰልስቱ እንዳለፈ የወራሽነት ማስረጃ ለማውጣት ያመለክታል። ስለ እህቱና ስለ ወንድሙ ግን ለፍርድ ቤቱ አልገለጸም። ማስረጃው በእሱ ስም ብቻ ወጣ፤ ገንዘቡ ወጪ ሆነ፤ ቤቱም እናቱ ባሉበት ለሦስተኛ ወገን ተሸጠ። በደሴ የሚኖረው ልጅ የአባቱን ሞት የሰማው ከ2 ዓመት በኋላ፣ በአንድ ዘመድ ለቅሶ ላይ ነው። እህቱም አባቷ ማረፋቸውን በስልክ ብትሰማም ስለ ንብረቱ የነገራት ሰው የለም።

ከላይ በተገለጸው ሕግ መሠረት ቤቱ የጋራ ሀብት በመሆኑ ግማሹ የሚስት ነው። የአባት ግማሽ ደግሞ ለ3ቱ ልጆች እኩል ስለሚከፋፈል እያንዳንዳቸው ከቤቱ አንድ ስድስተኛ ይደርሳቸዋል። ሁለቱ ልጆች ያጡት ይህንን ነው። ያጡበት ምክንያትም ሕጉ መብት ስለነፈጋቸው ሳይሆን በወቅቱ የነገራቸው ስላልነበረ ነው።

የማሳወቅ ኃላፊነት የማን ነው?

ሕጉ ይህን ኃላፊነት የጣለው በውርስ አጣሪው ላይ ነው። በአንቀጽ 956 እንደተመለከተው የውርስ አጣሪ ተግባር ሟቹ ኑዛዜ ትቶ እንደሆነ መፈለግና የውርሱን ንብረት የሚቀበሉትን ሰዎች ለይቶ ማወቅ፣ የውርሱን ንብረት ማስተዳደር፣ ለመክፈያ ጊዜያቸው የደረሱ ዕዳዎችን መክፈል፣ እንዲሁም በኑዛዜ የተሰጡ ስጦታዎችን ማስረከብና የኑዛዜውን ቃል መፈጸም ነው። ከሁሉም ቀድሞ የተቀመጠው ወራሾቹን የመለየቱ ሥራ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ብዙ ሰዎች የውርስ አጣሪ ሲባል በፍርድ ቤት የሚሾም ባለሙያ ብቻ ይመስላቸዋል። ይሁንና ኑዛዜ በሌለበት ጊዜ በሕግ ወራሽ የሆኑት ሰዎች ራሳቸው ሟቹ ከሞተበት ቀን ጀምሮ የውርሱ አጣሪዎች ናቸው። ሟቹ በኑዛዜው አጣሪ ሊሰይም ይችላል፤ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ሲጠይቅ ወይም ወራሾቹ በማይታወቁበት ጊዜ ደግሞ ፍርድ ቤት ይሾማል።

ከዚህ የሚከተለው ቁም ነገር ግልጽ ነው። በምሳሌው የተጠቀሰው የበኩር ልጅ የአባቱን ሰነዶች ሲሰበስብና ንብረቱን ሲይዝ ሥራው የወራሽ ብቻ ሳይሆን የአጣሪም ነበር። በመሆኑም እህቱንና ወንድሙን ፈልጎ የማሳወቅ ግዴታ ነበረበት። አጣሪ በጥፋቱ ወይም በቸልተኝነቱ ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑም መዘንጋት የለበትም።

ከአርባ ቀን እስከ ድልድሉ

ሕጉ ወራሾች የሚያውቁበትን ጊዜ በማጣራቱ ማብቂያ ላይ አላስቀመጠውም፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት እንዲሆን አድርጎታል። ሂደቱም በቅደም ተከተል እንደሚከተለው ይቀርባል።

በመጀመሪያ አጣሪው ኑዛዜ መኖር አለመኖሩን በሟቹ ሰነዶች ውስጥ፣ እንዲሁም ኑዛዜ ሊቀመጥባቸው በሚችሉ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤቶችና ሰነዶችን በሚያረጋግጠውና በሚመዘግበው መሥሪያ ቤት ይፈልጋል። ኑዛዜ በእጁ የሚገኝ ማንኛውም ሰውም ሳይዘገይ የማስታወቅ ግዴታ አለበት።

ሁለተኛው እርከን የኑዛዜው መከፈት ነው። ኑዛዜው የሚከፈተው ሟቹ ካረፈ ከ40 ቀን በኋላ ሲሆን፣ ኑዛዜው ባይኖር ኖሮ በሕግ ወራሽ ሊሆኑ የሚችሉ ሰዎች በተገኙበት ይነበባል። ይህ ቀን በበርካታ የአገሪቱ አካባቢዎች ለአርባ ቀን መታሰቢያ ቤተ ዘመድ ከሚሰባሰብበት ጊዜ ጋር የሚገጥም በመሆኑ ለማሳወቅ አመቺ ነው። በዚህ ሥርዓት ላይ የተገኘ ሰው የኑዛዜውን ቃል በዕለቱ እንዳወቀ ይቆጠራል።

ሦስተኛው እርከን ጊዜያዊ ድልድል ነው። አጣሪው በሕጉ ወይም በኑዛዜው መሠረት እነማን ለውርሱ እንደተጠሩና ለእያንዳንዳቸው የሚደርሰው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ወስኖ ጉዳዩ ለሚመለከታቸው ሁሉ ያስታውቃል። በመደበኛ አነጋገር ወራሾች ስለ ውርሱ የሚነገራቸው በዚህ ጊዜ ነው።

ከዚህ በኋላ ቀናት መቆጠር ይጀምራሉ። ኑዛዜው እንዲፈርስ የሚፈልግ ሰው ኑዛዜው ሲነበብ ተገኝቶ ወይም ተወክሎ ከሆነ ከንባቡ ጀምሮ፣ ካልተገኘ ደግሞ ድልድሉ ከተነገረው ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ተቃውሞውን መግለጽ ይጠበቅበታል። ክሱንም በ3 ወር ውስጥ ማቅረብ አለበት። ውርሱን አልቀበልም የሚል ወራሽም ለውርሱ መጠራቱን አጣሪው ካስታወቀው ጀምሮ ያለው ጊዜ 1 ወር ነው።

እነዚህ ጊዜያት አጫጭር ናቸው። አጣሪው ማስታወቂያውን በጽሑፍ አድርጎ፣ ቀኑን ጠቅሶና ተቀባዩን አስፈርሞ የሚሰጥ ከሆነ ሁሉም ወገን የቆመበትን ያውቃል። በቃል ብቻ የተነገረ ነገር ግን ከዓመታት በኋላ ነግሬዋለሁ፣ አልነገረኝም ወደሚል የምስክር ክርክር ያመራል።

የወራሽነት ማስረጃ ከማጣራት ይለያል

በአንቀጽ 996 መሠረት ማንኛውም ወራሽ ወራሽነቱንና ድርሻውን የሚያረጋግጥ የምስክር ወረቀት እንዲሰጠው ፍርድ ቤትን ሊጠይቅ ይችላል። በአዲስ አበባ ይህን ጥያቄ ተቀብለው የሚያስተናግዱት በተለምዶ ከተማ ነክ እየተባሉ የሚጠሩት የከተማው ፍርድ ቤቶች ናቸው። ተከራካሪ ወገኖች ፈቃዳቸውን ከሰጡ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከሩት የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም የሙስሊሞችን የውርስ ጉዳይ ይመለከታሉ።

ይህ ማስረጃ የሚሰጠው አመልካቹ ባቀረበው ሰነድና በቆጠራቸው ምስክሮች ላይ ተመሥርቶ ነው። ስለሆነም አመልካቹ ያልጠቀሰው ወራሽ በወረቀቱ ላይ አይገኝም። ፍርድ ቤቶች ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ በጋዜጣ ጥሪ እንዲደረግ የሚያዙበት አሠራር ቢኖርም፣ ቤይሩት ወይም ገጠር ያለ ሰው ጋዜጣውን ያነባል ተብሎ አይገመትም። የጋዜጣ ጥሪ አድራሻው የታወቀን ወራሽ በቀጥታ ከማሳወቅ ኃላፊነት ነፃ የሚያወጣ ሊሆን አይገባም።

በመሆኑም የወራሽነት ማስረጃ መውጣቱ ውርሱ ተጣርቷል ማለት አይደለም። ሌሎች ወራሾች አውቀዋል ማለትም አይደለም። ማስረጃው ቀርቦለት የሚያስተናግድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይህን ልዩነት ሊገነዘበው ያስፈልጋል።

መነገር መቀበል አይደለም

በተቃራኒው ወራሹ መብቱን እንዳወቀ ወዲያውኑ ንብረቱን እጁ ያስገባል ማለትም አይደለም። ውርሱ እስኪጣራ ድረስ የሟቹ ንብረት ከወራሾቹ የግል ንብረት ተለይቶ ይቆያል። በአንቀጽ 1014 መሠረት ከውርሱ በቅድሚያ የሚከፈለው የቀብር ወጪ ነው። ቀጥሎ የማስተዳደሪያና የማጣሪያ ወጪ፣ ከዚያም የሟቹ ዕዳ፣ ቀጥሎም ቀለብን የሚመለከቱ ዕዳዎች፣ በመጨረሻም በኑዛዜ የተሰጡ ልዩ ስጦታዎች ይከፈላሉ። ወራሾች የሚከፋፈሉት ከዚህ የተረፈውን ነው።

አጣሪው ለወራሾች በሚያስታውቅበት ጊዜ ይህንንም ጨምሮ ቢገልጽ አላስፈላጊ ጥርጣሬን ያስቀራል። ለምን ዘገየ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ተደበቀብን ከሚል ስሜት ሲሆን፣ የዕዳውንና የንብረቱን ዝርዝር በወቅቱ ያየ ወራሽ ግን መዘግየቱን በሥርዓቱ ይረዳዋል።

በውርሱ ውስጥ የማይገቡ ክፍያዎችም አሉ። በአንቀጽ 828 መሠረት በሟቹ ሞት ምክንያት ለዘመዶቹ ወይም ለትዳር ጓደኛው የሚከፈል ጡረታና ካሣ የውርሱ አካል አይደለም። በመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 ለተተኪዎች የሚከፈለው አበልም በራሱ አዋጅ የሚመራ እንጂ በውርስ ድልድል የሚከፋፈል አይደለም። በመሆኑም የሟቹ ባለቤት በሕግ ከወራሾች ተርታ የማትቆጠር ብትሆንም ከጋራ ሀብት የሚደርሳት ድርሻና የጡረታ መብቷ የተጠበቁ ናቸው። ለተተኪዎች ይህን የማስረዳቱ ሥራ በዋናነት የሟቹ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል አስተዳደር ነው።

ያልተነገረው ወራሽ ምን ማድረግ ይችላል?

በደሴ የሚኖረው ልጅ መንገዱ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋበትም። በቅድሚያ ያለአግባብ የወጣው የወራሽነት ማስረጃ እንዲሰረዝ ማስረጃውን ለሰጠው ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ከአባቱ ጋር ያለውን የልጅነት ግንኙነት በሰነድ ወይም በምስክር ማስረዳት ግን ይጠበቅበታል።

ቀጥሎም የውርስ ንብረት እንዲመለስለት ክስ ሊያቀርብ ይችላል። አንቀጽ 1000 ይህ ክስ ከሳሹ መብቱንና የውርሱ ንብረት በተከሳሹ እጅ መያዙን ካወቀ በ3 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ እንደሚታገድ ይደነግጋል። ከዘር የወረደ የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ካልሆነ በስተቀር፣ ሟቹ ከሞተ ወይም ከሳሹ በመብቱ ሊሠራበት ከቻለበት ቀን ጀምሮ 15 ዓመት ካለፈም በማናቸውም ምክንያት ክሱ ተቀባይነት አያገኝም። ክርክሩ በወራሾች መካከል በሚሆንበት ጊዜ የይርጋው አቆጣጠር የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በተለያዩ መዝገቦች አስገዳጅ ትርጉም የሰጠበት በመሆኑ፣ ባለጉዳዩ ሳይዘገይ የሕግ ምክር ማግኘት ይኖርበታል።

ዋናው ችግር ሌላ ነው። የወራሽነት ማስረጃው ከመሰረዙ በፊት ከባለማስረጃው ጋር በቅን ልቦና የተዋዋለ ሰው በሕግ የተጠበቀ ነው። ስለዚህ ልጁ ቢረታም ሊያገኝ የሚችለው የቤቱን ድርሻ ሳይሆን ከወንድሙ የሚጠየቅ ገንዘብ ሊሆን ይችላል፤ ወንድሙ ገንዘቡን አጥፍቶት ከሆነ ደግሞ ፍርዱ በወረቀት ላይ ሊቀር ይችላል። በወቅቱ የተጻፈ አንድ ደብዳቤ ሊያስቀረው ይችል የነበረው ጉዳት ይህ ነው።

የመሥሪያ ቤቶች ድርሻ

ማሳወቅ በሕግ የአጣሪው ተግባር ቢሆንም፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በሥራቸው አጋጣሚ ወራሾች እንዳይዘነጉ ማድረግ የሚችሉባቸው ሁኔታዎች ጥቂት አይደሉም።

በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ ያለበት ወሳኝ ኩነት ሲሆን፣ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም ነው። ሞቱ በወቅቱ ሲመዘገብ ውርሱ የተከፈተበት ቀን በማያሻማ ሁኔታ ይታወቃል። የልደት ምዝገባ ደግሞ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ለማስረዳት ከምስክር የተሻለ ዋስትና ይሰጣል።

የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍሎች በሠራተኛው የግል ማኅደር የሚገኘውን የቤተሰብ ሁኔታ መግለጫ ወቅታዊ ሊያደርጉት ይገባል። ሠራተኛው ሲቀጠር የሞላው ቅጽ ከ20 ዓመት በኋላ በኋላ የተወለዱ ልጆችን ላያሳይ ይችላል። ፍርድ ቤት ማኅደሩን ሲጠይቅም የተሟላ መረጃ መላክ እንጂ በጥያቄው ላይ የተጠቀሰውን ስም ብቻ ማረጋገጥ በቂ አይሆንም።

የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ስለ ሟቹ ቤተሰብ ማስረጃ ሲጠየቁ የአመልካቹን ቃል ብቻ ከመድገም ይልቅ በመዝገባቸው ያለውን ሁሉ ሊገልጹ ይገባል። የገጠር መሬት የመጠቀም መብት የሚተላለፈው በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 እና በየክልሉ በወጡ የመሬት ሕጎች በመሆኑም፣ የወረዳ የመሬት አስተዳደር ባለሙያዎች በይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ የሰፈሩትንና በከተማ ወይም በውጭ አገር የሚገኙትን የቤተሰብ አባላት ለይተው ቢጠይቁ ኋላ የሚነሳን ክርክር ይቀንሳሉ።

በውጭ አገር ለሚገኙ ወራሾች ደግሞ በአቅራቢያቸው ያለው ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ድርሻ አለው። ወራሹ በአካል መቅረብ ካልቻለ በሚሲዮኑ የተረጋገጠ የውክልና ሥልጣን ልኮ በአገር ውስጥ በሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ካረጋገጠ በኋላ በወኪሉ አማካይነት መከራከር፣ ድርሻውን መቀበልም ሆነ ውርሱን አለመቀበሉን ማስታወቅ ይችላል። አካለ መጠን ላልደረሰ ወራሽ ማስታወቂያው የሚደርሰው ለሞግዚቱ ነው። ሞግዚቱ ራሱ በውርሱ ውስጥ ተቃራኒ ጥቅም ያለው በሚሆንበት ጊዜ ግን ጉዳዩ በፍርድ ቤት ሊታይ ይገባል።

በአጠቃላይ ሕጉ ወራሾች ስለ መብታቸው እንዲያውቁ የሚፈልገው ውርሱ ተጣርቶ፣ ንብረቱ ተከፋፍሎና ተሸጦ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ገና ድልድሉ ሲዘጋጅ ነው። አጣሪው እነማን እንዳሉ ሳይፈልግ የሚዘጋጅ ድልድል፣ ቀኑ ሳይጻፍ የሚነገር ማስታወቂያ፣ የአንድ ሰው ስም ብቻ ተጠቅሶ የሚወጣ ማስረጃ ሁሉም መጨረሻቸው ክርክር ነው። የሟችን ሰነድ የሚይዝ የቤተሰብ አባል፣ ማስረጃ የሚሰጥ ሠራተኛና አቤቱታውን የሚቀበል የፍርድ ቤት ባልደረባ ሌላ ወራሽ አለ ወይ የሚለውን አንድ ጥያቄ በወቅቱ ቢጠይቁ፣ በደሴ ያለው ልጅ የአባቱን ውርስ በለቅሶ ቤት ወሬ ሳይሆን በእጁ በደረሰ ደብዳቤ ያውቃል።